የጽርእ ፈላስፎችና የላስታው ድሀ ላም

በላስታ ምድር ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ አንድ ነገር አለ። ቅዱስ ላሊበላ በመንግሥቱ ዘመን መጨረሻ ገደማ፥ በንግሥቲቱ በቅድስት መስቀል ክብራ ምክር፥ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ለቀቀለትና እርሱ ወደ ጸሎቱ ተመለሰ ይባላል። አንድ ዓመት ተመንፈቅ ካለፈ በኋላ ግን የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች ለንጉሡ ማእድ የሚሆን ሥጋ ሲፈልጉ፥ ከአንድ ድሀ ገበሬ ዘንድ ገብተው ያለችውን አንዲት ላም ነድተው ወሰዱበት። ይህም ነገር ከንግሥቲቱ ጆሮ ደረሰ። ቀድሞ ዙፋኑን ልቀቅ ብላ የመከረችው እርስዋ፥ አሁን ደግሞ ተነሥተህ ዙፋንህን ያዝ ብላ ባልዋን መከረችው፤ ላሊበላም ተመልሶ ነገሠ ይላል ታሪኩ።

ስለ ጽርእ ፈላስፎች እጽፋለሁ ብሎ ብዕር ያነሣ ሰው ከላም መጀመሩ አንባቢን ሳያስደንቅ አይቀርም። ነገር ግን የእኛ ፍላቂት ከወልድያ ወደ ወረታ በሚያልፈው መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት፤ በዙሪያዋም ያለው ገበሬ ሀብቱን የሚቈጥረው በላምና በበሬ ነው። አንዲት ላም ብቻ ያለችው ሰው ቅቤው እርስዋ ናት፤ የልጆቹ ወተት እርስዋ ናት፤ እንጨት በጠፋበት ደጋ እሳቱ የሚነደው በርስዋ ኩበት ነው፤ ነገ የሚያርስበትም በሬ ከርስዋ የሚወለደው ጥጃ ነው። እንግዲህ ይህችን ላም መንዳት ቤቱን ማፍረስ ነው እንጂ አንድ ዕቃ መውሰድ አይደለም። የፍርድ ነገር በመጽሐፍ ሲነበብ ረቂቅ ይመስላል፤ ከበረት ሲደርስ ግን ግዙፍ ይሆናል። በቅኔ ቤት ሰሙ ሳይታወቅ ወርቁ እንደማይገኝ ሁሉ፥ ይህች ላም ሰም ትሁነንና ፈላስፎቹን በርስዋ በኩል እንጠይቃቸው።

ታሪኩን እንደ ሰማሁት ጻፍሁት እንጂ ጥርጥር የለበትም አልልም። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት የመንግሥቱ መተላለፍ እንዲህ በፍቅር ብቻ መሆኑን አልተቀበሉትም፤ ከበስተኋላው የዙፋን ሽሚያ ተሰውሯል ብለው ጠርጥረዋል። ነአኩቶ ለአብም ራሱ በቤተ ክርስቲያናችን ከጻድቃን የሚቈጠር ንጉሥ ነው፤ ከላሊበላ ከተማ ብዙ በማይርቀው ዋሻ ውስጥ በስሙ የሚጠራውን ቤተ ክርስቲያን፥ ከዐለቱም እየተንጠባጠበ በድንጋይ ገንዳ የሚጠራቀመውን ጠበል፥ የማያውቅ የላስታ ሰው የለም። ስለዚህ ላሟን እርሱ ወሰደ ብሎ የሚደፍር የለም፤ ታሪኩም የሚለው ወታደሮቹ ወሰዱ ነው። ነገር ግን ተረቱ ሽሚያውን ለመሸፈን የተነገረ ቢሆን እንኳ፥ አንድን ንጉሥ ከዙፋን ለማውረድ የሚበቃው በደል የቱ ነው ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፥ ሕዝቡ ጦርነትን ወይም ክሕደትን ትቶ የድሀውን ላም መምረጡ ራሱ ታሪክ ነው።

የጽርእ ፈላስፎች ስም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1510 እስከ 1522 ባለው ጊዜ፥ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፥ አባ ሚካኤል የተባለ ሊቅ መጽሐፈ ፈላስፋን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሰው። የዐረብኛውም ሥር በባግዳድ የነበረው፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ873 ዓመተ ምሕረት የሞተው፥ ክርስቲያኑ ሐኪምና ተርጓሚ ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ የሰበሰበው የጠቢባን ንግግር ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር ይህን የግዕዝ መጽሐፍ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1974 ወደ እንግሊዝኛ ተርጕመው አሳትመውታል። እኔም አፍላጦን፥ ሶቅራጥስ፥ አርስጣጣሊስ የሚሉትን ስሞች መጀመሪያ የሰማሁት በግዕዝ እንጂ በፈረንጅ ቋንቋ አይደለም።

ሆኖም በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ፈላስፎቹ የሚናገሩት በበረሃ እንዳሉ አባቶች ነው። ስለ ትዕግሥት፥ ስለ አንደበት፥ ስለ ወዳጅ፥ ስለ ገንዘብ ከንቱነት፥ ንጉሥም ስለሚገባው ምግባር አጭር አጭር ምክር ይሰጣሉ፤ ክርክራቸው ግን አይሰማም። ቃሉ ከጽርእ ወደ ዐረብ፥ ከዐረብ ወደ እኛ ሲሻገር፥ የሌላውም የሌላውም ንግግር በስማቸው ተጨምሮበታል። ስለዚህ የእኛ ተማሪ ሶቅራጥስ ጠቢብ እንደ ነበረ ያውቃል፤ አገሩ በድምፅ ብልጫ እንደ ገደለው ግን ከዚህ መጽሐፍ አይማርም። አፍላጦን ግፈኛ ንጉሥ ላስተምር ብሎ ባሕር እንደ ተሻገረ፥ አርስጣጣሊስ የብዙ ከተሞችን ሥርዐተ መንግሥት እንደ ሰበሰበ ከሌላ ስፍራ መፈለግ አለበት። አረማውያንን መጥቀስ ለቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ምን ይገባዋል የሚል ወንድም ቢኖር፥ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በሁለተኛው መቶ ዓመት ሶቅራጥስን በቃል መሪነት ከኖሩት ጋራ እንደ ቈጠረው ያስታውስ።

ሶቅራጥስ አንዲት ገጽ እንኳ አልጻፈም፤ የምናውቀው ደቀ መዛሙርቱ፥ ይልቁንም አፍላጦን፥ ከጻፉት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት የአቴና ሰዎች የአገሩን አማልክት አያከብርም፥ አዲስ አምልኮ ያስገባል፥ ጐልማሶችን ያበላሻል ብለው ከሰሱት፤ 500 ያህል ዳኞችም ተሰብስበው በድምፅ ብልጫ ሞት ፈረዱበት፤ መርዝ ጠጥቶ ሞተ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ለእኛ ነገር ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ከዚያ በፊት ያደረጋቸው ሁለት ሥራዎች ናቸው።

የመጀመሪያው በ406 ከክርስቶስ ልደት በፊት የሆነ ነው። የአቴና የጦር አለቆች በአርጊኑሳይ በባሕር ላይ ድል አደረጉ፤ ነገር ግን ማዕበል ስለ ተነሣ መርከባቸው የተሰበረባቸውን ወታደሮች ከውኃ ሳያወጡ ቀሩ። ሕዝቡ ተቈጥቶ አለቆቹን ሁሉ ባንድ ድምፅ እንፍረድባቸው አለ፤ ሕጉ ግን ሰው በየራሱ ይፈረድበት የሚል ነበር። በዚያን ቀን ከጉባኤው መሪዎች አንዱ ሶቅራጥስ ነበርና ሕዝቡ እየጮኸበት እንቢ አለ። ብቻውን ስለ ነበረ አላዳናቸውም፤ ከአለቆቹ 6ቱ ተገደሉ። ሁለተኛው 30 ግፈኞች አቴናን በያዙበት ጊዜ ነው። እነዚያ ሰዎች ሶቅራጥስን ከ4 ሌሎች ጋራ ጠርተው፥ ሄዳችሁ ሌዎን የሚባለውን ሰው ከሰላሚስ አምጡልን፥ እንገድለዋለን አሉ። አራቱ ሄደው አመጡት። ሶቅራጥስ ግን ወደ ቤቱ ሄደ።

እንግዲህ ሶቅራጥስን ስለ ላሟ ብንጠይቀው የሚመልሰው ለንጉሡ ሳይሆን ለወታደሩ ይመስለኛል። ታዝዤ ነው የሚለው ቃል በዓለም ሁሉ ከግፍ ጋራ አብሮ የሚኖር ቃል ነው። ሶቅራጥስ ብዙኃኑ ሲያዝዘው እንቢ አለ፤ ጥቂቶቹም ሲያዝዙት እንቢ አለ፤ በዳይ መሆን ከመበደል ይከፋል ብሎ ያምን ነበርና። ከእነዚያ ወታደሮች አንዱ ገመዱን ጥሎ ወደ ቤቱ ቢሄድ ላሟ አትድንም ነበር ይሆናል፤ ሌዎንም አልዳነም። ሶቅራጥስ ግን እጁን ከደሙ አነጻ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ይኸው እንቢ ባይ ሰው፥ በወኅኒ ሳለ ወዳጁ ክሪቶን ጠባቂዎቹን በገንዘብ አስማምቼ ላውጣህ ቢለው፥ ዕድሜዬን ሁሉ ያሳደገኝን ሕግ ዛሬ በእኔ ላይ ስለ ተፈረደ አላፈርሰውም ብሎ እንቢ አለ። ግፍ አድርግ ሲሉት አይታዘዝም፤ ግፍ ሲያደርጉበት ግን ከሕግ አይሸሽም። አፍላጦን ይህን ሲጽፍ ሕጎቹን እንደ ሰው አስነሥቶ ከሶቅራጥስ ጋራ ያነጋግራቸዋል። ይህ ለእኛ አገር ሰው ሩቅ አይሆንበትም። በመንገድ ላይ ጉልበተኛ ደካማውን ሲይዘው፥ ደካማው በሕግ አምላክ ብሎ ከጮኸ፥ ጉልበተኛው እጁን ይሰበስባል፤ ጠመንጃ ያልያዘ ሰው በአንድ ቃል ያቆመዋል። ያ ቃል የሚይዘው ግን ሕግን እንደ ሕያው ነገር የሚፈራ ሕዝብ ሲኖር ነው።

አፍላጦን መምህሩ በተገደለበት ጊዜ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነበረው፤ ስለ መንግሥት የጻፈውም ሁሉ ከዚያ ሞት የወጣ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ስለ መንግሥት ባለው ታላቅ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ትራሲማኮስ የሚባል ተከራካሪ ያስገባል። ይህ ሰው ፍትሕ ማለት ለብርቱው የሚጠቅመው ነገር ነው፤ ገዢዎች ሕግን የሚያወጡት ለራሳቸው ጥቅም ነው ይላል፤ እረኛ በጎችን የሚያሰባ ለበጎቹ ብሎ ነውን፥ ለራሱና ለጌታው ማእድ አይደለምን ብሎም ይሳለቃል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሰው በእኛ አገር አታውቀውምን? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል እያለ በየሰርጉና በየተዝካሩ የሚያስቅ እርሱ ነው። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ የሚለውም ወንድሙ ነው። በጽርእ ትራሲማኮስ አንድ ሰው ነበረ፤ በእኛ ግን ተረት ሆኖ በሁሉ አፍ ይገኛል፤ ይህም ይብሳል፥ ተረትን የሚከራከረው የለምና።

ሶቅራጥስ በዚያ መጽሐፍ የሚመልሰው መልስ እንዲህ ነው። ሐኪም በሐኪምነቱ የሚመለከተው የበሽተኛውን ጤና ነው፤ ደመወዙ ሌላ ነገር ነው። እረኛም በእረኛነቱ የሚመለከተው የበጎቹን ደኅንነት ነው፤ ሲያርድ እረኛ ሳይሆን አራጅ ነው። ገዢም እንደዚሁ። ይህ መልስ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመጽሐፉ ተናጋሪዎች ራሳቸው አልረኩበትም፤ አንዱ ተነሥቶ የጊጌስን ቀለበት አመጣ። ጊጌስ በልድያ እረኛ ሳለ፥ ጣቱ ላይ ሲያዞረው ከዓይን የሚሰውር ቀለበት አግኝቶ፥ በርሱ ኀይል ንጉሡን ገድሎ ነገሠ። የሚያየው ከሌለ ጻድቅ ሆኖ የሚቀር ሰው ማን ነው ይላል ጠያቂው። ሹመት ለብዙ ሰው ይህ ቀለበት ነው። ሹሙ በአደባባይ ሲቀመጥ ይታያል፤ ወታደሩ ሌሊት ከበረት ሲገባ ግን ሹሙ አይታይም።

አፍላጦን ለዚህ ያገኘው መድኀኒት ሥርዐትን ከሥሩ መለወጥ ነው። ሰው ሁሉ የተፈጠረበትን የገዛ ሥራውን ሲሠራና በሌላው ሥራ ጣልቃ ሳይገባ ሲቀር፥ ያ ፍትሕ ነው አለ፤ የሚያርስ ይረስ፥ የሚጠብቅ ይጠብቅ፥ የሚገዛም ጥበብን የተማረ ይሁን። ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚያስደንቀኝ ስለ ወታደሮች የጻፈው ነው። በጎች እንዲጠብቁ ያሳደግናቸው ውሾች በረኃብ ወይም በክፉ ልማድ ተነሥተው በጎቹን ቢነክሱ፥ ውሾች መሆናቸው ቀርቶ ተኵላ ቢሆኑ፥ ከዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም ይላል። ስለዚህ ጠባቂዎቹ የግል ቤት፥ ርስት፥ ወርቅና ብር አይኑራቸው፤ ባንድነት ይብሉ፤ ለዓመቱ የሚበቃቸውን ያህል፥ ሳይተርፍና ሳይጐድል፥ ሕዝቡ ይስጣቸው ብሎ ደነገገ። እነሆ የላሟ ነገር! አፍላጦን ወታደሩን በተግሣጽ ብቻ አልተወውም፤ ማን ይቀልበዋል ብሎ ጠየቀ። በኢትዮጵያም ሠራዊት በገበሬ ቤት እየተመራ፥ የገበሬውን እህልና ከብት እየበላ ስንት መቶ ዓመት ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1892 ለሠራዊቱ ስንቅ የሚሆን ዐሥራት መደንገጋቸው ይህን ምሪት ለማስቀረት ነበር። ዐሥራቱም በተራው ሸክም ሆነ፤ ይህ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ፈላስፋ ካልነገሠ ወይም ንጉሥ ካልተፈላሰፈ የከተሞች መከራ አያበቃም የሚለው የአፍላጦን አሳብ በዓለም የታወቀ ነው። ለዚህ ንጉሥ ረጅም ትምህርት አዘጋጀለት፤ ሰውዬው በቍጥር፥ በልክ፥ በክርክር ተፈትኖ፥ 15 ዓመት በሥራ ላይ ታይቶ፥ ለመግዛት የሚበቃው በ50 ዓመቱ ነው። የሚገዛውም ወዶ አይደለም፤ ተራው ስለ ደረሰ ነው።

በላስታ ደግሞ ከዚህ የሚመሳሰልና የሚለይ ነገር ነበረ። ከዛጔ ነገሥታት ይምርሐነ ክርስቶስ፥ ላሊበላና ነአኩቶ ለአብ ቅዱሳን ተብለው ይታሰባሉ፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ንጉሥም ካህንም ሆኖ ይቀድስ እንደ ነበረ ገድሉ ይናገራል። ይህም የገድል ቃል ብቻ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ገደማ በግብጽ በተጻፈውና በአቡ ሳልሕ ስም በሚጠራው መጽሐፍ ውስጥ፥ የሐበሻ ነገሥታት ሁሉ ካህናት እንደ ሆኑና በቤተ መቅደስ ገብተው እንደሚቀድሱ፥ ነገር ግን አንዱ በገዛ እጁ ሰው ከገደለ ከዚያ በኋላ ሊቀድስ እንደማይችል ተጽፏል። ይህን ነገር ከአፍላጦን ጋራ ብናስተያየው፥ አፍላጦን ንጉሡን የሚፈትነው ከመንገሡ በፊት ነው፤ ከነገሠ በኋላ ግን በትምህርቱ ይታመንበታል። የላስታው ሥርዐት ግን ንጉሡን ከነገሠ በኋላ በየዕለቱ ይፈትነዋል፤ እጁ ደም የነካች ዕለት መሠዊያው ይዘጋበታል፤ መዘጋቱንም ሕዝቡ ሁሉ ያያል። በእኔ አሳብ በዚህ ነገር የላስታ ሰዎች ከአፍላጦን ተሽለዋል። ነገር ግን በገዛ እጁ የሚለውን ቃል ልብ እንበል። በወታደሩ እጅ ስለሚደረገው ምን ይባላል? የላሟ ተረት ያስፈለገው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አፍላጦን ራሱ አሳቡን በሥራ ሊፈትን ወደ ሲኬልያ ተሻገረ፤ በሰራኵሳ የነበሩትን አባትና ልጅ ሁለቱን ዲዮናስዮሶች አያቸው፤ ልጅየውን ሊያስተምር ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ በጭንቅ ወጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በሽምግልናውም ስለ ሕግጋት ሌላ መጽሐፍ ሲጽፍ፥ ገዢዎችን የሕግ አገልጋዮች ብሎ ጠራቸው፤ ሕግ በገዢ ሥር በሆነችበት ከተማ ጥፋት ቀርቧል አለ። ፍጹም ሰው ፈልጎ ያጣ ሽማግሌ ወደ ሕግ ሲመለስ ይታያል። እኔ ይህን ሁለተኛውን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

አርስጣጣሊስ ከዚህ ይጀምራል። በ384 ከክርስቶስ ልደት በፊት በስታጊራ ተወለደ፤ 20 ዓመት በአፍላጦን ትምህርት ቤት ኖረ፤ ኋላም የመቄዶንያውን እስክንድርን አስተማረ። መምህሩ ስለማትገኘው ከተማ ሲያስብ፥ እርሱ የሚገኙትን ከተሞች ቈጠረ፤ ከደቀ መዛሙርቱ ጋራ የ158 ከተሞችን ሥርዐተ መንግሥት ሰበሰበ ይባላል። ከነዚህም የአቴናው ብቻ በግብጽ ምድር በቈየ ወረቀት ተገኝቶ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1891 ታተመ።

መንግሥትን በስድስት ከፈለው። አንድ ሰው ቢገዛ፥ ጥቂቶች ቢገዙ፥ ብዙዎች ቢገዙ፥ ሦስቱም ለሁሉ ጥቅም የሚገዙ እንደ ሆነ ቀጥተኞች ናቸው፤ ለራሳቸው ጥቅም የሚገዙ እንደ ሆነ ጠማሞች ናቸው። እንግዲህ የገዢው ቍጥር ፍርድ አይሰጥም፤ የሚጠየቀው ለማን ነው የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ነአኩቶ ለአብ ንጉሥ ስለ ሆነ አይነቀፍም፤ ላሊበላም ቅዱስ ስለ ሆነ ብቻ አይመሰገንም፤ ላሟ ለማን ማእድ ታረደች ይባላል። ይህ ቀላል ጥያቄ ነገሥታት ካለፉ በኋላም ይሠራል። በኢትዮጵያ ንጉሣዊው መንግሥት በ1967 ዓ.ም. ተፈጽሟል፤ ስሙ ሲለወጥ ጥያቄው አልተሻረም።

ፍትሕንም ሲተረጕም ሁለት አደረጋት። አንዲቱ የሚከፋፈለውን ሹመትና ሀብት ለእያንዳንዱ እንደሚገባው የምታካፍል ናት። ሁለተኛይቱ የተጣመመውን የምታቀና ናት፤ ይህች ፊት አታይም፤ ደግ ሰው ክፉውን ቢበድል ወይም ክፉው ደጉን ቢበድል ለርስዋ አንድ ነው፤ የምትመለከተው ጕዳቱን ብቻ ነው፤ ካንዱ ወስዳ ለተጐዳው ትመልሳለች፤ ሚዛኑም ይስተካከላል። እዚህ ላይ አርስጣጣሊስ እንደ ባለ ቅኔ ይጫወታል፤ በጽርእ ዳኛ የሚለውን ቃል በሁለት እኩል የሚከፍል ከሚለው ቃል ጋራ አጋጥሞ ኅብር ያደርገዋል። የቅኔ ተማሪ ይህን ባየ ጊዜ ደስ ሳይለው አይቀርም።

ደግሞም ሕግ ለሁሉ ባንድ ቃል ስለምትናገር አንዳንድ ጊዜ ለአንዱ ሰው ነገር ልክ አትሆንም፤ ያን ጊዜ ሕግ አውጪው ራሱ በዚያ ቢኖር የሚለውን ብሎ የሚያቀና ርትዕ ያስፈልጋል ይላል። ለዚህም የሌዝቦስን ጠራቢዎች ምሳሌ አመጣ፤ እነርሱ ከእርሳስ የተሠራ መለኪያ ነበራቸው፤ ደንጊያው ጐባጣ ሲሆን መለኪያው አብሮ ይጐብጣል። የላሊበላን ሕንጻ ያየ ሰው ይህን ምሳሌ በቶሎ ያስተውላል። ከአንድ ዐለት የሚፈለፈል ቤተ ክርስቲያን የተሰበረውን ትቶ ሌላ ደንጊያ ማምጣት አይፈቅድም፤ ጠራቢው በዐለቱ ስንጥቅና ጠባይ ልክ መሮውን ያዞራል፤ ነገር ግን ቀጥ ያለውን ግድግዳ አይተውም።

አርስጣጣሊስን ግን በሁሉ አንከተለውም። አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሮ ባሮች ናቸው ብሎ ጽፏልና። የግብጹ ሊቅ ኢብን አል አሳል በ13ኛው መቶ ዓመት የሰበሰበው፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደ ግዕዝ ተመለሰ የሚባለው ፍትሐ ነገሥት፥ በዚህ ነገር ከፈላስፋው ይበልጣል፤ በ31ኛው አንቀጽ ነጻነት ለሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ የተሰጠ እንደ ሆነ፥ ባርነትም ከጦርነትና ከኀይል እንደ መጣ ይናገራል። ያም ሆኖ ይኸው መጽሐፍ ለባርነት ሥርዐት ሠራለት፤ እኛም መጽሐፉን እያነበብን ባሪያ ስንሸጥና ስንገዛ ኖረን፥ ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣው ዐዋጅ በ1916 ዓ.ም.፥ ፈጽሞ የሻረው ዐዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጣ። ፈላስፋው በአሳቡ ሳተ፤ እኛ እውነቱን በእጃችን ይዘን ሳትን፤ ከሁለታችን ማን የበለጠ እንደሚጠየቅ ለማወቅ ብዙ ትርጓሜ አያሻም።

ፍትሐ ነገሥት በ43ኛው አንቀጽ ስለ ዳኞች፥ በ44ኛው ስለ ነገሥታት ይናገራል። ስለ ንጉሥ የሚናገረውን ከኦሪት ዘዳግም ይጀምራል፤ ንጉሡ ከወንድሞቹ መካከል የወጣ እንዲሆን፥ የሕጉንም መጽሐፍ ጽፎ ይዞ ዕድሜውን ሁሉ እንዲያነብ ያዝዘዋል። ይህ አፍላጦን በሽምግልናው ከደረሰበት አሳብ ጋራ ይገናኛል። የቀረ አንድ ነገር አለ፤ ንጉሡ መጽሐፉን ባያነብ ማን ይነግረዋል? በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት እንኳ የንጉሠ ነገሥቱን አካል የተቀደሰ፥ ሥልጣኑንም የማይነቀፍ ብሎታል። አቴናውያን ሹማምታቸው ዘመናቸውን ሲፈጽሙ ሒሳብ እንዲያስረክቡ፥ ማንም ሰው ተነሥቶ እንዲከሳቸው ፈቅደው ነበር፤ ይህ ሥርዐት በፈላስፎች መጽሐፍ ሳይሆን በከተማው ልማድ የተገኘ ነው። በእስራኤል ደግሞ ነቢይ ነበረ። ዳዊት የኦርዮን ሚስት በወሰደ ጊዜ ናታን ስለ አንድ ድሀና ስለ አንዲት ታናሽ በግ ተረት ነገረው፤ ንጉሡም በተረቱ ውስጥ ባለው ባለጠጋ ላይ ሞት ከፈረደ በኋላ፥ ያ ሰው አንተ ነህ ተባለ።

በላስታው ታሪክ የናታንን ስፍራ የያዘች ሴት ናት። ከላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ቤተ አባ ሊባኖስን በመላእክት ረዳትነት ባንድ ሌሊት እንደ ሠራች የሚነገርላት መስቀል ክብራ፥ በተረቱ ቀድሞ የሰጠችውን ምክር በአደባባይ አፈረሰች። ንግሥት ተሳሳትሁ ማለትዋ ራሱ ታላቅ ነገር ነው። አርስጣጣሊስ የሴት ምክር ሥልጣን የለውም ብሎ ነበር፤ አፍላጦን ግን ሴት ከወንድ እኩል ተምራ ጠባቂም ገዢም ልትሆን ትችላለች ብሎ ጽፏል፤ በዚህ ክርክር ላስታ ለአፍላጦን ትመሰክርለታለች። ላሟን የነዱት ወታደሮች ሆነው ሳለ ዙፋኑን የተጠየቀው ንጉሡ መሆኑም አይዘንጋን። በበላይ ያለው አላወቅሁም ቢል፥ ንግሥቲቱ ያወቀችውን እርሱ ለምን አላወቀም ይባላልና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች የሚል ሕዝብ፥ ይህን ተረት ሲያወርድ የንጉሡን ስም፥ የንግሥቲቱን ስም፥ የወሩን ቍጥር ሳይቀር ጠበቀ፤ የገበሬውን ስም ግን አልነገረንም። እኔም ከሽማግሌዎች እንደ ሰማሁት፥ ታሪኩ ላሊበላ ወደ ዙፋኑ ተመለሰ ከሚለው ላይ ያቆማል። አርስጣጣሊስ ቢሰማው፥ ዙፋኑ ከማን ወደ ማን እንደ ሄደ ሳይጠይቅ አስቀድሞ፥ ላሟ ታርዳ ከሆነ ምትኳን ለሰውዬው ማን ከፈለው ባለ ነበር። ባለፈው ጥምቀት ይህን ለአንድ የአካባቢያችን ሽማግሌ ብነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ ጥጃዋሳ፥ ጥጃ ነበራት ወይ አሉኝ።